ቀፎው ዝም ሲል



ንግግሬን በአንድ ሰው ታሪክ ልጀምር። እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ ወገናችን ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የኩላሊት እጥበት ያደርጋል። በግራ ክንዱ ላይ፣ ከክርኑ ከፍ ብሎ፣ ከቆዳው ሥር ግራፍት የሚባል ቱቦ ተቀብሮለታል። ማታ ከመተኛቱ በፊት ቀኝ እጁን ክንዱ ላይ አሳርፎ የቱቦውን ንዝረት ያዳምጣል። አባቱ ንብ አናቢ ስለነበሩ "ቀፎዬ" ይለዋል። ልጅ ሳለ ጆሮውን ቀፎ ላይ ለጥፎ ንቦቹ ደህና መሆናቸውን ያውቅ እንደነበረው ማለት ነው።

አንድ ዓርብ ማታ ቀፎው ዝም አለ። ያን ዕለት እጥበት ላይ ሳለ የደም ግፊቱ ወርዶ ነበርና "ድካም ይሆናል" ብሎ ተኛ። ቅዳሜ ጠዋት ዳሰሰው፤ ዝም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ተመለሰ፤ አሁንም ዝም። ሰኞ ወደ እጥበቱ ሄዶ ነርሷ መርፌ ብትሰካ ጥቁር የረጋ ደም ወጣ። እኔ የተዘጋ ግራፍት የምከፍት ሐኪም ነኝ፤ እኔ ጋ ሲደርስ የደሙ ፖታሲየም ልብ ሊያቆም በሚችል ደረጃ ላይ ነበር። ስለዚህ ቱቦውን ከመክፈታችን በፊት አንገቱ ላይ ካቴተር የሚባል ጊዜያዊ ቱቦ አስገብተን እሱን ማጠብ ግድ ሆነብን። ዓርብ ማታ ስልክ ቢደውል ኖሮ ቅዳሜ ተከፍቶለት አንገቱ ሳይነካ ቤቱ ይገባ ነበር።

ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል። ነገር ግን እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የሦስቱ ቀን መዘግየት አይደለም። ስንጠይቀው እንደነገረን፣ ደሙ ከመርጋቱ በፊት ስድስት ሳምንት ያህል መርፌው ከተነቀለለት በኋላ ደሙ በቀላሉ አይቆምለትም ነበር። ሌላው በአሥር ደቂቃ ፋሻውን አሥሮ ሲሄድ፣ እሱ ግማሽ ሰዓት ክንዱን ጨብጦ ይቀመጥ ነበር። ማሽኑም የመመለሻው ግፊት ከፍ ብሏል እያለ በየጊዜው ይጮኽ ነበር። ጩኸቱ ይጠፋል፣ ፋሻው ይታሰራል፣ ሰውየው ወደ ሥራው ይሄዳል። ክንዱ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሲናገር የሰማው ሰው አልነበረም። ዛሬ የምነግራችሁ ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ በግራፍት ውስጥ የረጋ ደም ራሱ በሽታው አይደለም፤ የበሽታው መልእክተኛ ነው። መልእክተኛውን ብቻ ጠርጎ የላከውን የማይፈልግ ሕክምና በሳምንቱ ያንኑ ሰው መልሶ ያያል።

ግራፍት ምንድን ነው? አማርኛችን ለደም ሥሮች ሁለት ውብ ስሞች አሉት፦ ደም ቅዳና ደም መልስ። ደም ቅዳ ከልብ ይቀዳል፤ ኃይለኛ ነው፤ ጠልቆ ይሄዳል። ደም መልስ ወደ ልብ ይመልሳል፤ ለስላሳና ቀርፋፋ ነው፤ ከቆዳ ሥር አረንጓዴ ሆኖ የምናየው እሱ ነው። የእጥበት ማሽን በደቂቃ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ደም ይፈልጋል። ያን ያህል ደም ያለው ደም ቅዳ ውስጥ ነው፤ ግን ጥልቅ ስለሆነ በየሳምንቱ ሦስቴ መርፌ አይሰካበትም። ለመርፌ የሚመቸው ደም መልስ ነው፤ ግን እሱ ያን ያህል ደም የለውም። የእጥበት ሕክምና ታሪክ ግማሹ ይህን እንቆቅልሽ የመፍታት ታሪክ ነው።

በ1943 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) ኔዘርላንድስ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ ካምፐን በምትባል ከተማ ቪለም ኮልፍ የሚባል ወጣት ሐኪም የቋሊማ መጠቅለያ ሴሎፎን በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ጠምጥሞ ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሠራ። ማሽኑ ደም ያጥባል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ እጥበት አንድ የደም ሥር ይቆረጣል። የሰው ክንድና እግር ደግሞ ማለቂያ የሌለው የደም ሥር የለውም። ስለዚህ ለ17 ዓመት ያህል እጥበት የሚጠቅመው ኩላሊቱ ለጥቂት ቀን ደክሞ ለሚመለስ ሰው ብቻ ነበር። ኩላሊቱ ለዘለቄታው የሞተ ሰው ተስፋ አልነበረውም።

በመጋቢት 1960 በሲያትል ቤልዲንግ ስክሪብነር ከመሐንዲሱ ከዌይን ክዊንተን ጋር ሆኖ የቴፍሎን ቱቦ በአንድ ሰው ክንድ ውስጥ አስገባ፤ አንዱ ጫፍ ደም ቅዳ ውስጥ፣ ሌላው ደም መልስ ውስጥ። ቱቦው ከቆዳ ውጭ ሆኖ ሁልጊዜ ደም ይፈስበታል፤ እጥበት ሲደርስ ይፈታና ከማሽኑ ጋር ይገናኛል። ክላይድ ሺልድስ የሚባለው ያ ታካሚ ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረ። በ1966 ደግሞ ከኒውዮርክ ብሮንክስ ብሬሺያ፣ ቺሚኖና ባልደረቦቻቸው ምንም ባዕድ ነገር ሳይጨምሩ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን በቀጥታ በመስፋት የሠሩትን አዲስ ዘዴ አሳተሙ። ደም መልሱ የደም ቅዳውን ጉልበት ሲቀበል በወራት ውስጥ ይሰፋል፣ ይወፍራል፣ መርፌ ይችላል። ይህ ፊስቱላ ይባላል። እዚህ ላይ ቃሉ ብዙዎቻችንን እንደሚያደናግር አውቃለሁ። አገር ቤት ፊስቱላ ሲባል በምጥ ብዛት የተጎዱ እናቶች ሕመም ነው የሚታወሰን። አንዲት እናት ልጃቸው "ፊስቱላ ይሠራልሻል" ሲላቸው አልቅሰው እምቢ ማለታቸውን አስታውሳለሁ። ቃሉ ያልተለመደ መተላለፊያ ማለት ብቻ ነው። ያኛው ጉዳት ነው፤ ይሄኛው በሐኪም እጅ ሆን ተብሎ የሚሠራ መድኃኒት።

ደም መልሱ ቀጭን ለሆነበት ሰው፣ በስኳር በሽታ ወይም በብዙ መርፌ ለተጎዳበት ሰው ግን ፊስቱላ ላይበስል ይችላል። ግራፍት የመጣው ለዚህ ሰው ነው። ቴፍሎን በ1938 በአጋጣሚ የተገኘ ነገር ነው፤ በ1969 ቦብ ጎር በኃይል ሲስበው በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ፣ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ሆነ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከዚህ የተሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ከቆዳ ሥር ተቀብሮ ደም ቅዳን ከደም መልስ ያገናኛል። በሁለት በሦስት ሳምንት መርፌ ይችላል። ትልቁ ድካሙ ደም ቶሎ የሚረጋበት መሆኑ ነው።

ለምን ይረጋል? ደም ረጋ እንላለን፤ ወተትም ረጋ እንላለን። ወተቷ እንዲረጋላት የምትፈልግ ሴት ዕቃውን አትነካካውም፤ ጥግ አስይዛ ትተወዋለች። ደምም እንዲሁ ሲቆም ይረጋል። ጤነኛ ግራፍት ውስጥ በደቂቃ አንድ ሊትር ያህል ደም ይሮጣል፤ እንዲህ የሚሮጥ ደም የመርጋት ፋታ የለውም። እንግዲህ ጥያቄው "ደሙ ለምን ረጋ?" ሳይሆን "ማን አቆመው?" ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ያቆመው ቱቦው ከደም መልሱ ጋር የተሰፋበት ቦታ ላይ ያለ ጥበት ነው። ደም መልስ ለቀስታ የተፈጠረ ሥር ነው። ድንገት የደም ቅዳ ጉልበት ሲመጣበት፣ ከጠንካራው ቱቦ ወደ ለስላሳው ሥጋ ሲገባም ደሙ እየተሽከረከረ ግድግዳውን ሲመታው፣ ግድግዳው ራሱን ሊከላከል ይወፍራል። ሴሎቹ ወደ ውስጥ ያድጋሉ፤ እንደ ጠባሳ ይጠነክራሉ። ስድስት ሚሊሜትር የነበረው መውጫ ሦስት ይሆናል፣ ሁለት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ቱቦው ውስጥ ግፊት ይጨምራል። የታክሲ ሹፌሩ ደም አልቆም ያለው፣ ማሽኑም የጮኸው ለዚህ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ሰውየው ብዙ ውኃ ይወጣለታል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ወይም ክንዱን ተንተርሶ ይተኛል፤ ቀድሞውኑ እየተንቀራፈፈ የነበረው ደም ይቆማል። ሰውየው "ክንዴን ተኝቼበት ነው" ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ክንዱን መተኛቱ የመጨረሻዋ ጠብታ ናት፤ ገንቦው ግን ቀድሞ ሞልቶ ነበር።

"ታዲያ ደም ማቅጠኛ ለምን አትሰጡንም?" ትሉኛላችሁ። ተሞክሯል። በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አዲስ ግራፍት ለተሠራላቸው 649 ሰዎች፣ ለአንዱ ወገን ዲፒሪዳሞልና አስፕሪን የተቀላቀለበት መድኃኒት፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት እንክብል ሰጠ። በዓመቱ ምንም ሳይነካ እየሠራ የተገኘው ቱቦ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶው በ28ቱ፣ ካልወሰዱት ከመቶው በ23ቱ ነበር። ጥቅም አለው፤ ግን እንደምታዩት ትንሽ ነው። ከዚያ በፊት በ2003 የወጣ ሌላ ጥናት አስፕሪንን ከክሎፒዶግረል ጋር አዳብሎ ሞክሮ፣ ሕሙማኑ ስለደሙ ከመንገዱ ተቋርጧል። ደም ማቅጠኛ የጠበበ በር አያሰፋም። ለልባችሁ ወይም ለሌላ ሕመም ታዝዞላችሁ ከሆነ ግን እንዳታቋርጡት፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ሕክምናው ልግባ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ ታገሡኝ፤ ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነውና።

ታካሚው በጀርባው ይተኛል፤ ክንዱ ጎኑ ላይ ይዘረጋል። አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ አያስፈልግም፤ ቆዳው ይደነዝዛል፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። በአልትራሳውንድ እያየን ሁለት ቀጫጭን ማስገቢያዎች ቱቦው ውስጥ እናስገባለን፤ አንዱ ወደ ደም መልሱ፣ ሌላው ወደ ደም ቅዳው ያቀናል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ይሰጣል። ከዚያ አልቴፕሌዝ የሚባለውን፣ የልብ ደም ሥር በድንገት ለተዘጋባቸውና ለስትሮክ ሕሙማንም የሚሰጠውን፣ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በጥቂቱ ወደ ቱቦው እንረጫለን፤ ወይም የሚሽከረከር ትንሽ የሽቦ ቅርጫት አስገብተን የረጋውን እንፈጫለን፤ ወይም በሚመጥ መሣሪያ እናወጣዋለን። እንደ ሐኪሙ ልምድ ይለያያል። ከአንዱ ዘዴ ይልቅ ሌላው እጅግ ይሻላል የሚሉትን ብዙ አላምናቸውም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ቀጥሎ የሚሠራው ነው።

ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉልኝ። ቦይ የሚጠርግ ገበሬ ከላይ ውኃውን ለቆ ታች አይጠርግም፤ መጀመሪያ መውጫውን ይከፍታል። እኛም መጀመሪያ በሽቦ ጠባቡን መውጫ አልፈን እስከ ደረት ያለውን ደም መልስ እናያለን፤ ጠባቡን በፊኛ እንከፍታለን። የደም ቅዳው በር የሚለቀቀው በመጨረሻ ነው። መውጫው ተዘግቶ መግቢያው ቢለቀቅ የረጋው ደም ወደ ኋላ ተገፍቶ ወደ እጅ የሚሄደውን ሥር ሊዘጋ ይችላል።

ፊኛው ተራ ፊኛ አይደለም። ያ ጠባሳ እንደ ጠፍር የጠነከረ ስለሆነ አንዳንዴ 20 አትሞስፌር ግፊት ይጠይቃል፤ የመኪናችሁ ጎማ ሁለት ገደማ ነው። በዚያች ደቂቃ ያማል፤ ያማል ማለቴን ልብ በሉ፤ "ምንም አይሰማችሁም" ብዬ አልዋሻችሁም። ፊኛው መሃሉ ላይ ተቆንጥጦ ቆይቶ በድንገት ሲከፈት በራጁ ላይ እናየዋለን። የዓርቡ ሰውዬ ቱቦ እንዲህ ነበር የተከፈተው።

በደም ቅዳው በኩል ደግሞ አንዲት ግትር ጉብታ ትጠብቀናለች። የቀረው የረጋ ደም ቀይና ለስላሳ ሲሆን ይህች ነጣ ያለች፣ የጠነከረች፣ እንደ ቡሽ በሩን የደፈነች ናት። መድኃኒት ብዙም አያሟሟትም። እሷን ለማውጣት ዛሬም የምንጠቀመው የቶማስ ፎጋርቲን ፈጠራ ነው። ፎጋርቲ በሲንሲናቲ ገና ወጣት ሆኖ ሆስፒታል ውስጥ ሲያግዝ፣ እግራቸው ላይ ደም የረጋባቸው ሰዎች ረጅም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው እግራቸውንም ሕይወታቸውንም ሲያጡ አየ። ከዓሣ ማጥመድ የተማረውን ክር አሠራር ተጠቅሞ የቀዶ ሕክምና ጓንት ጣት ቆርጦ በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ አሰረ። ቱቦው ሳይነፋ የረጋውን አልፎ ይሄዳል፤ ከወዲያ ሲነፋ የረጋውን እየጎተተ ይመጣል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሥራ ላይ ዋለ። በዚህች መሣሪያ ጉብታዋ ስትለቅ በጓንቴ ሥር ያ ንዝረት ሲመለስ ይሰማኛል። ይህን ሥራ ስንት ዓመት ሠርቼም ያቺን ቅጽበት አልለመድኳትም።

"የተፈጨው ደም የት ይሄዳል?" ይህን ሁሉም ይጠይቃል፤ መጠየቅም ይገባል። ጥቂቱ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ግን መጠኑን አስቡት። ቱቦው 40 ሴንቲሜትር ቢረዝም እንኳ ጠቅላላ የሚይዘው 11 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ የቡና ሲኒ ሩብ አይሞላም። ሳንባም የረጋ ደም የማሟሟት የራሱ ጉልበት ስላለው አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። ነገር ግን የሳንባ ደም ሥር ግፊቱ በጣም ከፍ ያለ ሰው ወይም የልብ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ያለበት ሰው ሌላ ነው። በቀዳዳው ያለፈ ፍርፋሪ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ያለ ሕመም እንዳለባችሁ ከተነገራችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ተናገሩ። ቱቦው ቀልቶ፣ አብጦ፣ መግል ካለውም አይከፈትም፤ ኢንፌክሽኑን ወደ ደም መርጨት ይሆናል።

አንዳንድ ሐኪም ይህንኑ በቀዶ ሕክምና ይሠራዋል፤ ቱቦውን ከፍቶ በፎጋርቲ ፊኛ ይጠርጋል፣ ጠባቡን በመጣፊያ ያሰፋል ወይም ተጨማሪ ቱቦ ቀጥሎ አልፎት ይሄዳል። ግራፍቱ ከተሠራ ገና ጥቂት ሳምንት ከሆነው የተሻለው መንገድ ይህ ነው፤ ጥፋቱ ከስፌቱ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ ውጭ ማን ይሥራው በሚለው አልጣላም። የምጣላው የረጋውን ጠርጎ ጠባቡን ሳያይ ከሚልክ ጋር ነው።

ፊኛው ያሰፋው ጠባሳ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። በ2010 የወጣ ጥናት ግራፍታቸው የጠበበ 190 ሰዎችን መርምሮ፣ በፊኛ ብቻ ከታከሙት ቦታው ስድስት ወር ሳይጠብ የቆየላቸው ከመቶው 23 ሲሆኑ፣ በዚያው በቴፍሎን የተሸፈነ፣ ስቴንት የሚባል የብረት መረብ ቱቦ ከገባላቸው 51 ነበሩ። ትልቅ መሻሻል ነው፤ ግማሹ ግን አሁንም ጠብቧል። ረግቶ የተከፈተ ግራፍት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። የ2006ቱ የአሜሪካ መመሪያ ለዚህ ሕክምና ያስቀመጠው ግብ፣ በሦስት ወር ውስጥ ከመቶው አርባው ዳግም ሳይነካ እንዲቆይ ነበር። ግቡ ራሱ አርባ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ወር ስትመለሱ ሐኪሙ ሰነፈ፣ ወይም እኔ አጠፋሁ አትበሉ።

የታክሲ ሹፌሩም ሦስት ጊዜ ተመልሷል፤ ሦስቱንም ግን በዚያው ቀን ደውሎ ነው፤ አንገቱ ዳግመኛ አልተነካም። በአራተኛው ዓመት ቱቦው ሲያስቸግር አንድ ነገር አየን። ግራፍቱ ደሙን ሲልክበት የኖረው ደም መልስ ከቱቦው በላይ ሰፍቶና ወፍሮ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ያንኑ ሥር ወስዶ ፊስቱላ ሠራለት። መጀመሪያ ቀጭን ነው ተብሎ ለፊስቱላ ያልተመረጠው ሥር፣ በግራፍቱ ጉልበት አድጎ ለዚህ በቃ። ግራፍታችሁ እየደከመ ያላችሁ፣ "የላይኛው ሥሬ ለፊስቱላ ደርሷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ስለ ቤት ጉዳይ ጥቂት ልጨምር። ንዝረቱ ከጠፋ ክንዱን በቅቤ አታሹት፤ ወጌሻ ጋ አትሂዱ፤ የረጋው ወደ እጃችሁ ሊገፋ ይችላል። ለእጥበት ማዕከላችሁ ደውሉ፤ ሌሊት ቢሆንም፣ በዓል ቢሆንም። ከሕክምናው በፊት ምግብ መቼ እንደምታቆሙ ይነግሯችኋል። እስኪከፈትላችሁ ድረስ ውኃ ቀንሱ፤ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን፣ ድንች ተዉ። በጾም ወቅት ከሆነ ምስርና ሽሮም ፖታሲየም እንዳላቸው አትርሱ። ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ልባችሁ ከተዛባ ወይም ጉልበታችሁ ከከዳችሁ 911 ነው የምትደውሉት። አገር ቤት ለመሄድ ያሰባችሁ ደግሞ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ክንዳችሁን በአልትራሳውንድ አስመርምሩ። እዚያ ብዙ ሰው የሚታጠበው በካቴተር ነው፤ ግራፍት የሚከፍት መሣሪያና ባለሙያ በየቦታው አታገኙም። እዚህ የተገኘ ጥበት እዚህ ተከፍቶ መሄድ ይሻላል።

በጓሮው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አራት ማዳመጫ አስቀምጫለሁ። ግራፍት ወይም ፊስቱላ ያላችሁ ኑና የራሳችሁን ስሙ። ያደረሷችሁ ልጆቻችሁና ባለቤቶቻችሁም ይስሙ፤ እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ዝም ሲል የሚያውቁት እነሱ ይሆናሉና። ድምፁ ረጅምና ወፍራም ከሆነ ደህና ነው። ቀጥኖ እንደ ፉጨት ከሆነባችሁ፣ ወይም ልብ በመታ ቁጥር ብቻ ቆረጥ ቆረጥ የሚል ከሆነ እኔን ጥሩኝ፤ አብረን እናዳምጠዋለን።